የናፖሊዮን ጨጓራ

እሺ ሰላም ናችሁ፣ ጉንፋን ይዞኝ ድምፄ ዘግቷል ታገሱኝ። ዛሬ ስለ ናፖሊዮን ጨጓራ ነው የማወራው። አዎ፣ ጨጓራ።

ነገሩ ትዝ ያለኝ በአጎቴ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ "ጨጓራዬ ነው" እያለ ተልባና አብሽ ሲጠጣ ከርሞ ሆስፒታል የሄደው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው፣ ካንሰር። ለቅሶው ላይ ግን ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብዬ የምሰማው ምንድነው፣ "አብልተውት ነው እንጂ እሱማ እንዲህ የሚሞት ሰው አልነበረም"። ማን አበላው? አይታወቅም። ብቻ አብልተውታል።

ናፖሊዮንንም እንደዛው ነው ያደረጉት። ዋተርሉ ላይ በጦርነት ከተሸነፈ በኋላ እንግሊዞች አትላንቲክ መሃል ሴንት ሄሌና የምትባል ደሴት ላይ አስቀመጡት፣ እዛው እንደ ፈረንጆቹ በ1821 በ51 ዓመቱ ሞተ። ራሱ ኑዛዜው ላይ እንግሊዞች ናቸው የገደሉኝ ብሎ አስፍሯል። ግን እኮ በዛው ሰሞን ሐኪሙን ስሞት ክፈተኝና ጨጓራዬን በደንብ እይልኝ፣ ለልጄ እንዲጠቅመው ብሎታል፣ ምክንያቱም አባቱ በ1785 ገና በ38 ዓመቱ በጨጓራ ነው የሞተው። እና ሰውየው አፉ እንግሊዝ እያለ ልቡ ያውቀው ነበር ባይ ነኝ።

ሐኪሙ አንቶማርኪ የእንግሊዝ ዶክተሮች ቆመው እያዩ ከፈተው። ጨጓራው ተበስቷል፣ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ፣ የደፈነው ጉበቱ ተጣብቆበት ነው። ውስጡ ደግሞ የቡና አተላ የሚመስል ነገር። ይሄ ደም ነው፣ ጨጓራ ውስጥ የደማ ደም አሲድ ሲያገኘው እንደዛ ይጠቁራል (ይቅርታ ቡና እየጠጣችሁ ከሆነ)።

በ1961 ታዲያ አንድ ስዊድናዊ፣ ፎርሹፍቩድ የሚባል፣ የጥርስ ሐኪም ነው ልብ በሉ፣ የናፖሊዮን ፀጉር ላይ አርሴኒክ የሚባለው መርዝ አለ፣ አብረውት ከነበሩት አንዱ ቀስ በቀስ መርዞታል ብሎ ተነሳ። በቃ ዓለም ወደደው፣ ድንኳኑ ሰፋ ማለት ነው። በ2008 ጣሊያኖች የልጅነት ፀጉሩን ሳይቀር መረመሩ፣ የሚስቱ የጆሴፊንም የልጁም አለ፣ ሁሉም ላይ አርሴኒክ ሞልቷል። ያኔ ግድግዳ ወረቀቱም መድኃኒቱም አርሴኒክ ነበረበት እኮ!

አሁን የቀረው የአስከሬን ምርመራ ጽሑፉ ነው፣ በ2007 ሉግሊ የሚባል ሐኪምና ጓደኞቹ እንደገና አንብበውት ቁስሉ ከ10 ሴንቲሜትር በላይ ነው፣ የገፋ ካንሰር ነው፣ መነሻውም ምናልባት ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ነው አሉ። ያው እኛ ክሊኒክ በሄድን ቁጥር የሚነግሩን ኤች ፓይሎሪ።

እኔን የነካኝ ግን ሱሪው ነው። እነዚሁ ሰዎች ቀደም ብለው ሱሪዎቹን ለክተው በመጨረሻዎቹ ወራት ከ10 ኪሎ በላይ እንደቀነሰ አሰሉ። የአጎቴን ቀበቶ እኮ አክስቴ በሚስማር አዲስ ቀዳዳ ስትበሳለት እኔ እዛው ነበርኩ፣ ጂም ጀመርክ እንዴ ጋሼ ብዬው ሁላችንም ሳቅን፣ እሱም ሳቀ።

በቃ ጉሮሮዬ እምቢ አለ፣ ቻው።