አሥራ አንድ ጊዜ በወንበር

እሺ... እየቀዳ ነው። ሰላም ናችሁ? ዛሬ ስለ እንቅልፍ እናወራለን ብዬ ነበር፣ አልሆነም። አዎ፣ የሬስለሮቹ መጽሐፎች ናቸው። "አሁንም ሬስሊንግ?" የምትሉ አላችሁ፤ እህቴም ብላለች፣ እሷን መቼም ታውቋታላችሁ። "ተነጋግረው የሚደባደቡ ሰዎች የሕይወት ታሪክ ምን ያደርግልሻል?" አለችኝ። መልስ ይኖረኛል ብዬ ስጠብቅ...

የሬስለሩ የሚክ ፎሊ ነገር ነው። የመጀመሪያ መጽሐፉን ራሱ በእጁ ነው የጻፈው፤ ሌላ ሰው ሊጽፍለት ተጀምሮ ነበር፣ አልጣመውም። እ.ኤ.አ. በ1999 ወጣና የኒውዮርክ ታይምስ ዝርዝር ላይ አንደኛ ሆነ። እኔን የያዘኝ ግን የዚያው ዓመት ጥር ላይ የሆነው ነው።

አናሃይም፣ ካሊፎርኒያ። ፎሊና ሌላው ሬስለር፣ ዘ ሮክ። ሕጉ አንድ ነው፤ "በቃኝ" ያለ ይሸነፋል። ማን እንደሚሸነፍ ሁለቱም ያውቃሉ። ፎሊ እጁ ወደ ኋላ በካቴና ታስሯል። አያችሁ፣ እጅህ ነጻ ከሆነ ወንበሩ ሲመጣ ትከልላለህ፣ ምቱን ታበርደዋለህ። እሱ ምንም የለውም። የብረት ወንበር፣ ታጣፊው፣ በባዶ ጭንቅላት። አምስት ምት ያህል ተባብለው ነበር። አሥራ አንድ ሆነ።

ሚስቱና ሁለት ትንንሽ ልጆቹ ደግሞ ፊት ተቀምጠዋል። ልጅቷ ትጮኻለች። እናትየው ሳያልቅ ይዛቸው ወጣች። የዘጋቢ ፊልም ካሜራ እነሱ ላይ ነበር፤ በኋላ ለአባትየው አሳዩት። ያን ሲያይ ፊቱን... እሺ፣ ይቆየን።

መጨረሻው ነው። ፎሊ በሆዱ ተዘርሯል፣ ማይክ አፉ ላይ ተደቀነ፣ "በቃኝ! በቃኝ!" የሚል ድምፅ አዳራሹን ሞላው። ድምፁ የራሱ ነው። ግን ከቀድሞ ቃለ ምልልስ የተቀዳ ነው። አፉን አልከፈተም! ይኼን ደጋግሜ ነው የማስበው። እዚያ ወለል ላይ ያለው ሰውዬ ከምሩ በቃኝ ማለት ቢፈልግስ? ቃሉን እኮ ቀድመው ወስደውበታል።

ሌላውን ሬስለር፣ ብሬት ሃርትን አስቡ ደግሞ። የእሱ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2007 ነው የወጣው። ሰውዬው ለዓመታት በየመንገዱ ውሎውን ቴፕ ላይ ሲቀዳ ኖሯል፤ ዝርዝሩ እንዲያ ጥርት ያለው ለዚያ ነው። ስንት ሆቴል፣ ስንት ሌሊት፣ ብቻውን ለቴፕ ሲያወራ! እወደዋለሁ በቃ። እና እ.ኤ.አ. ኅዳር 1997፣ ሞንትሪያል፣ ተጋጣሚው ሾን ማይክልስ እግሩን ቆልፎ ይዞታል፣ ብሬት እጅ አልሰጠም፣ የድርጅቱ ባለቤት ቪንስ ማክማሆን ደወሉን ደውሉ አለ። ተሸነፍክ ተባለ። እሱም አላለም፤ ተባለለት።

የፎሊው በስምምነት ነው፣ የብሬት በክህደት። ልዩነቱ ይገባኛል። ትልቅ ልዩነት ነው... ነው መሰለኝ። ግን ፎሊ ራሱ በሞንትሪያሉ ነገር ተናዶ በማግስቱ ሥራ ሳይገባ የቀረ ሰው ነው። ተመለሰ፣ ቤተሰብ አለው፣ ውል አለው። ከዚያ ከአንድ ዓመት ትንሽ አለፍ ብሎ የራሱን "በቃኝ" በቴፕ አስቀድቶ ገባ። ይኼን ሳስብ ያናድደኛል፣ በማን እንደምናደድ ግን... በሮክ አይደለም። በተመልካቹም አይደለም፣ እኔም ብሆን እጮህ ነበር።

በዚያው በ1999 ግንቦት ደግሞ የብሬት ታናሽ ወንድም ኦወን ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ከጣሪያ በገመድ ሊያወርዱት ሲሉ ወድቆ ሞተ። ትርኢቱ ቀጠለ። ሰውዬው ሞቶ ቀጠለ! ስለሱ ዛሬ አላወራም፣ አልችልም።

ለእህቴ ምን እንደምላት... ተነጋግረው ነው፣ እሺ። አምስት ነበር የተነጋገሩት። ስድስተኛው ላይ ማን ነው...