ወላጆች ሆይ፣ ከወንበሩ ተነሡ

የተከበራችሁ የክበባችን አባላት፣ ወላጆች፣ አያቶች፣ ባልደረቦቼ አሰልጣኞች፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

የክረምቱ የመዝናኛና የአካል ብቃት ፕሮግራም ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ደቂቃ ልውሰድባችሁ። ንግግሬ በዋናነት ለወላጆች ነው። በተለይ ደግሞ ለእናቶች።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢያችንን ተመልከቱ። ልጆች ኳስ ያባርራሉ። ከአባቶች አንዳንዱ ጂም ገብቷል፣ አንዳንዱ ማኪያቶውን ይዞ ስለ ፕሪሚየር ሊግ ያወራል። እናቶች ዳር ወንበር ላይ ናቸው። ቦርሳ፣ ጃኬትና የውኃ ላስቲክ ይጠብቃሉ። ልጁ ልምምዱን ሲጨርስ ተነሥተው ወደ ቤት፣ ወደ ሌላ ሥራ። የተከፈለው የቤተሰብ ክፍያ ነው፤ ላብ የሚወጣው ግን ልጁን ብቻ ነው። ይህ ነገር በጣም ያሳስበኛል።

ስለዚህ በዚህ ክረምት ልጆች በሚሠለጥኑበት ሰዓት ለወላጆችም ክፍለ ጊዜ አዘጋጅተናል። በዚያው ሰዓት፣ እዚሁ ግቢ ውስጥ። ዕቃ የሚጠብቅ ሰው ተመድቧል። ለሕፃናት ጥላ ያለው መጫወቻና ተረኛ ሞግዚት ይኖራል። አዲስ የመሮጫ ማሽን ከመግዛታችን በፊት ይህ ይቅደም ብዬ የተሟገትኩት በምክንያት ነው። ብዙ እናቶችን ዱብ ዱብ ከማለት የሚይዛቸው «ልጁን ማን ይያዝልኝ?» የሚለው ጥያቄ ነው። እሱ ሳይመለስ የምንለጥፈው ፕሮግራም ሁሉ ወረቀት ብቻ ይሆናል።

ስለ ልብስም የምትጨነቁ አላችሁ። ታይት ካልለበሳችሁ የሚል ሕግ የለንም። ሰፊ ሱሪ፣ ረጅም ሹራብ፣ ሂጃብ፣ ለመንቀሳቀስ እስከተመቸ ድረስ ሁሉም ይሆናል። ለሴቶች ብቻ የተለየ ክፍለ ጊዜም አለ። የምትመራውም ሴት አሰልጣኝ ናት።

ምን ያህል መሥራት ይበቃል? የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል። ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ደግሞ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን። ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ነው። 150 ደቂቃ ሲሰሙት ብዙ ይመስላል። በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ማለት ነው። ከታክሲ ቀደም ብሎ ወርዶ ፈጠን ፈጠን እያሉ መሄድም ይቆጠራል።

መካከለኛ መሆኑን ለማወቅ ሰዓትም ማሽንም አያስፈልግም። እየሠራችሁ ማውራት ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ትንፋሽ ካሳጣችሁ፣ ልኩ ላይ ናችሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። አየሩ ስስ ነው። በክረምት ከዱባይ ወይም ከዲሲ የሚመጡ ዘመዶቻችሁን ይዛችሁ ስትመጡ፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቀስ ይበሉ። ደም ግፊት ወይም ስኳር ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ከመጀመሯ ወይም ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ያማክር፤ ለአሰልጣኙም ይንገር። ደረቱን የሚወጋው ወይም የሚያዞረው ሰው ወዲያው ያቁም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፣ አሰልጣኞች። ሁለት ልጆች አምበል ሆነው ተጫዋች እየጠሩ ሲመርጡ መጨረሻ የሚቀር ልጅ አለ። ሁሌም እሱ ነው የሚቀረው። ያ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት «ሆዴን አመመኝ» ብሎ ይቀራል። ከእንግዲህ ቡድን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ላረፈደ ወይም ለረበሸ ልጅ ፑሽ አፕ መቅጣትም ይቅር። ስፖርትን በቅጣትነት ያወቀ ልጅ ሲያድግ በፈቃዱ አይሠራውም። በውፍረቱ ቅጽል ስም የሚያወጣለት ካለ፣ የመጀመሪያው ተቆጪ አሰልጣኙ ይሁን።

ማሟሟቂያችሁ ውስጥ የሰፈራችንን ጨዋታ አስገቡ። አባሮሽ ልብን ያሠራል። ገመድ ዝላይ እግርን ያጠነክራል። ሰኞ ማክሰኞ በአንድ እግር እየዘለሉ መስመር ሳይረግጡ መመለስ ነው፤ ከዚህ የተሻለ የሚዛን ልምምድ ለልጅ አላውቅም። እንዴት እንደሚሠመር ልጆቹ ካላወቁ አያቶችን ጠይቁ፤ እነሱ ደስ ብሏቸው ያሳያሉ። አያቶችም የራሳቸው ክፍለ ጊዜ አላቸው፤ ወንበር ይዞ መነሣትና መቀመጥ፣ በአንድ እግር መቆም፣ መራመድ። ዕድሜው 65 ለሞላ ሰው ሚዛን የሚጠብቅ እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ይመከራል፤ መውደቅን ይቀንሳልና።

ክረምት ነውና ሁለት ነገር ላስታውስ። ዝናብ ሲጥል ፕሮግራሙ አይሰረዝም፤ ወደ አዳራሽ እንገባለን። ነጎድጓድ ከተሰማ ግን ጨዋታው ምንም ያህል ቢሞቅ ሜዳው ወዲያው ባዶ ይሁን። ሁለተኛው ፍልሰታ ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ሕፃናት ሳይቀሩ የሚጾሙበት ጊዜ ነው። የሚጾም ልጅ ያላችሁ ንገሩን። በእነዚያ ቀናት ጠዋት ላይ የሚኖረው ማሳሳብና ቀላል ጨዋታ ብቻ ነው። ከበድ ያለው ልምምድ ልጆቹ በልተው፣ ጠጥተው፣ ወደ 11 ሰዓት ገደማ ይሆናል።

ምዝገባው በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ፎርሙ ላይ የልጃችሁን ስም ስትጽፉ ከሥሩ ለእናትና ለአባት የተተወ መስመር አለ። እባካችሁ እሱንም ሙሉት። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነው። ስኒከርና ውኃ ይዛችሁ ኑ።

አመሰግናለሁ።