ብረት ለብሶ ግንብ መውጣት፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የዛሬዎቹ ጥያቄዎች ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለውን፣ ዳይስ እየጣሉ ምናባዊ ገጸ ባሕርያትን ወክለው የሚጫወቱትን የጠረጴዛ ጨዋታ ከሚጫወቱ አድማጮች የመጡ ናቸው።

ጥያቄ፦ ታሪኩን የምመራውና ሕጉን የምዳኘው አጫዋች እኔ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው አምስተኛ እትም መሠረት ሙሉ የብረት ጥሩር የለበሰ ባላባት ግንብ ሲወጣ ምንም ቅጣት የለበትም። አንዱ ተጫዋች «ይህማ ቀልድ ነው» እያለ አስቸገረኝ። ወደ ሦስተኛው እትም ቅናሽ ልመለስ?

መልስ፦ አይመለሱ። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ሦስተኛው እትም ለመውጣትም፣ ለመዝለልም፣ ለመደበቅም ከዳይሱ ውጤት ላይ 6 ይቀንስ ነበር። ለጠረጴዛው ይመቻል፤ ብረቱን ግን አያውቀውም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ለባለቤቱ በልክ የተሠራ የጦር ሜዳ ጥሩር ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ክብደቱ በመላ ሰውነት ስለሚከፋፈል ክንድና ጉልበት እንደ ልብ ይታጠፋሉ። የፈረንሳዩ ማርሻል ቡሲኮ በሕይወት ሳለ የተጻፈለት ታሪክ፣ ጥሩር እንደለበሰ ግንብ ላይ የተደገፈ መሰላልን በጀርባው በኩል በእጁ ብቻ ተንጠልጥሎ ይወጣ እንደነበር ይተርካል።

ብረት የሚበላው ትንፋሽን ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የሊድስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥሩር የለበሱ ሰዎችን በመሮጫ ማሽን ላይ ፈተኑ፤ መራመድ የሚጠይቀው ጉልበት ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ በየእርምጃው ከእግር ጋር የሚነሳው ብረት ነው። የደረቱ ሰሌዳም ትንፋሽን ያሳጥራል። ስለዚህ ቅጣቱን ከቅልጥፍና አንሥተው ወደ ጽናት ያዙሩት። ባላባቱ ያለ ቅናሽ ይውጣ፣ ይዝለል፤ ከሁለተኛው ዙር ሩጫ ጀምሮ ግን የጽናት ዳይስ ይጣል። ግቡ 10 ይሁንና በየዙሩ 2 ይጨመርበት። ዳይሱ ግቡ ላይ ካልደረሰ አንድ ዙር ሙሉ ቆሞ እስኪተነፍስ ድረስ ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንስ። ያ አስቸጋሪ ተጫዋችዎም በዚህ የሚረካ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ጥሩር ለብሶ መዋኘትስ?

መልስ፦ እዚህ ላይ አልራራም። አምስተኛው እትም ዝም ብሎ ያልፈዋል፤ እ.ኤ.አ. የ2003ቱ የሦስተኛው እትም ማሻሻያ ግን ቅናሹን ለዋና እጥፍ ያደርገው ነበር። እኔ ብሆን ከባድ ጥሩር የለበሰ ሁሉ ሁለት ዳይስ ጥሎ ዝቅተኛውን ይውሰድ እላለሁ።

ጥያቄ፦ አስማተኛዬ ከሞተ ባላባት ላይ ጥሩር ገፍፎ ለብሶ ሮጠ። አጫዋቹ ግን «አልለመድከውም» ብሎ በእያንዳንዱ የጉልበትና የቅልጥፍና ሙከራ ሁለት ዳይስ አስጣለኝ፤ ዝቅተኛውን ያዘብኝ። አስማት መሥራትም ከለከለኝ። ፍትሐዊ ነው?

መልስ፦ ሕጉ ራሱ እንደዚያ ነው፤ አጫዋችዎ ምንም አልጨመሩብዎትም። ዳዊትም የሳኦልን ጥሩር ለብሶ መራመድ ቢያቅተው አውልቆ ወንጭፉን ነው ያነሣው። እኔ እንዲያውም አንድ ነገር እጨምር ነበር፦ በሌላ ሰው ልክ የተሠራ ጥሩር፣ ለለመደውም ቢሆን፣ አንጥረኛ እስኪያስተካክለው ድረስ የመውጣትና የመዝለል ሙከራን በ2 ይቀንስ። ባላባትዎ ረጅም፣ አስማተኛዎ አጭር ከሆነ የጉልበቱ መታጠፊያ ቅልጥሙ ላይ ይወርዳል፤ ያኔ ደረጃ መውጣትም ፈተና ነው።