ካስማ ተሸካሚዎቹ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ የማኅበራችን አባላት፤ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ።

ዘንድሮ ስለ ሌዊ ነገድ ላወራችሁ አስቤያለሁ። ሌዊ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ካህኑ አሮን ነው። እኔ ግን የሜራሪን ልጆች ነው የማነሳው። ስማቸውን ብዙ ሰው አያውቀውም።

ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 4 ላይ ታገኟቸዋላችሁ። የሌዊ ልጆች ጌድሶን፣ ቀዓትና ሜራሪ ናቸው። እስራኤል በምድረ በዳ ሲጓዙ የእግዚአብሔርን ማደሪያ ድንኳን እየነቀሉ ይዘውት ይሄዱ ነበር፤ ሸክሙ ለእነዚህ ሦስት ወገኖች ተከፈለ። የቀዓት ወገን ታቦቱንና መቅረዙን በትከሻው ተሸከመ። የጌድሶን ወገን መጋረጃውን ያዘ። ለሜራሪ ወገን የደረሰው ሳንቃ፣ ምሰሶ፣ ካስማና ገመድ ነው። ሳንቃው 48 ነው፤ የእያንዳንዱ ቁመት 10 ክንድ። ሳንቃው የሚቆምበት የብር እግር ደግሞ አንዱ ብቻ አንድ መክሊት ይመዝናል፤ ከ30 ኪሎ በላይ ማለት ነው። ለዚህ ሁሉ 4 ሠረገላና 8 በሬ ተሰጣቸው።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እያንዳንዱ ሰው የሚሸከመው ዕቃ በስሙ ተለይቶ እንዲሰጠው እግዚአብሔር አዘዘ። ካስማ እኮ ነው! መሬት ውስጥ ተቀብሮ የሚውል ነገር። ግን ተሸካሚው በስሙ ተቆጠረ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ልቤን ይነካኛል።

ምዕራፍ 10 ላይ ደግሞ የጉዞው ተራ አለ። ጌድሶንና ሜራሪ ቀድመው ይነሳሉ። የቀዓት ልጆች ንዋያተ ቅድሳቱን ይዘው ሲደርሱ ድንኳኑ ተተክሎ ይጠብቃቸዋል።

እኛን አይመስሉም? በጥምቀት ታቦቱ በካህናቱ ራስ ላይ ሆኖ ሲወጣ፣ ምንጣፍ ይዘን ከፊት እንሮጣለን። እንዘረጋለን። ታቦቱ ሲያልፍ ከኋላ ጠቅልለን፣ በትከሻችን አድርገን እንደገና ወደ ፊት። ማታ ቤት ስንገባ ፀጉራችን ሳይቀር አቧራ ነው።

አምና ግን ያዘንኩበት ነገር አለ። ማን ከፊት ያንጥፍ፣ ማን ከኋላ ይጠቅልል ተብሎ ሁለት ወንድሞቻችን ተጣሉ። ስም አልጠራም፤ ታርቀዋል። ያን ቀን ቆሬ ነበር ትዝ ያለኝ። ቆሬ ካስማ ተሸካሚ አልነበረም። የቀዓት የልጅ ልጅ ነው፤ ለንዋያተ ቅድሳቱ የቀረበ ሰው። አነሰኝ ብሎ ክህነትን የተመኘው እሱ ነው። ምድር ዋጠችው። ልጆቹ ግን ተረፉ፤ ከዘሩም በኋላ የመቅደስ በር ጠባቂዎች ተገኙ።

ስለዚህ ዘንድሮ ጉባኤውን በሪፖርት አንጀምርም። ጸሐፊያችን መዝገብ አዘጋጅተዋል። ምንጣፍ የሚያራግፈው፣ ውኃ የሚያመላልሰው፣ ሌሊት ዕቃ የሚጠብቀው፣ ሁሉም ከነሥራው በስሙ ተጽፏል። ስማችሁ ሲጠራ ብድግ በሉ። ከኋላ ከሚጠቀልሉት እንጀምር።