ስብ ራሱ መልእክተኛ ነው፦ ፒፓር የሚባለው ሪሴፕተር በጉበትና በጡንቻ

ጾም ላይ ናችሁ እንበል፣ ማታ እራት በልታችሁ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳን አልቀመሳችሁም። ጉበት ያጠራቀመው ስኳር ሞልቶ ቢገኝ ወደ 100 ግራም ነው፣ አንጎል ደሞ ብቻውን በቀን ወደ 120 ግራም ግሉኮስ ይፈጃል። ታድያ እንዴት ቆመን እንሄዳለን? ቦርጭ ላይ የተቀመጠው ስብ ተፈቶ ወደ ደም ይገባላ፣ ከዛ ጉበት ይደርሳል፣ እና እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ነገር የሚጀምረው እዚጋ ነው።

(ስክሪን ላይ፦ የጉበት ሴል፣ ቀስ እያልን ወደ ኒውክለሱ እንገባለን)

እዚህ ውስጥ ያለው ይሄ ሪሴፕተር፣ ማለት መልእክት ተቀባይ ፕሮቲን፣ ፒፓር አልፋ ይባላል። አርኤክስአር ከሚባል ሌላ ሪሴፕተር ጋር ጥንድ ሆኖ ዲኤንኤ ላይ ነው ሚቀመጠው። መሀሉ ላይ ያለችውን ኪስ እዩልኝ፣ ፋቲ አሲዷ፣ ማለት ስቡ ሲፈታ የምትወጣው ቁራጭ፣ እዛ ስትገባ ቅርፁ ይቀየርና ስብ ማቃጠያ ጂኖቹ ይበራሉ፣ ማለት የሚቃጠለው ስብ ራሱ ነው "አቃጥሉኝ" ብሎ ትእዛዝ ሚሰጠው። አንዱ ጂን ስቡን ወደ ማይቶኮንድሪያ፣ ማለት ወደ ሴሉ ኃይል ማመንጫ፣ የሚያስገባውን በር ይሰራል፣ ሌላው ስቡን ወደ ኪቶን ይቀይራል፣ ኪቶን ደሞ ስኳር ሲያጥር አንጎል የሚበላው ነው።

ሪሴፕተሩ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1990 አይጥ ላይ ነው። በ1999 ደሞ ተመራማሪዎች የዚህ ሪሴፕተር ጂን የሌላቸውን አይጦች አስጾሟቸው፣ ደማቸው ውስጥ ስኳር ወረደ፣ ሰውነታቸው ቀዘቀዘ፣ ጉበታቸው በስብ ተሞላ። ስቡ እኮ ደርሷል፣ ግን ሚቀበለው የለም! ትራይግሊሰራይድ፣ ማለት ደም ውስጥ ያለ ስብ፣ የሚያወርደውን ፌኖፋይብሬት ኪኒን የምትወስዱ ካላችሁ፣ መድሃኒቱ ሚነካው ይችን ኪስ ነው።

ጡንቻ ላይስ? እዛ በብዛት ስራውን ሚይዘው ወንድሙ ፒፓር ዴልታ ነው። በ2004 አሜሪካ ሳልክ ኢንስቲትዩት ውስጥ የሮናልድ ኢቫንስ ቡድን አይጦች ጡንቻ ውስጥ እንዲበረታ አደረጉት፣ ቶሎ የማይደክመው ቀዩ የጡንቻ ክር በዛ፣ አይጦቹም ከሌሎቹ እጥፍ ያህል ርቀት ሮጡ።

እና ይሄን ሪሴፕተር ሚያነቃ ኪኒን ተሰርቶ ነበር፣ ኦንላይን ካርዳሪን እያሉ ሚሸጡት ማለት ነው። እባካችሁ ጂም ውስጥ ሰው ቢያቀርብላችሁ አትንኩት፣ እንስሳት ላይ ሲሞከር ብዙ አካል ላይ ካንሰር ስላመጣ መድሃኒት ሳይሆን የቀረ ነገር ነው፣ የዓለም ፀረ-ዶፒንግ ኤጀንሲ ዋዳም ከ2009 ጀምሮ ለስፖርተኞች ከልክሎታል።