ክሩዝ ኮንትሮል በጅማ መንገድ፦ እግራችሁን የት ነው ምታስቀምጡት?

(ምስል፦ ከጅማ ወደ ሰርቦ፣ ጠዋት፣ ከመኪና ውስጥ የተቀረጸ)

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ፣ ዛሬ ስለ ክሩዝ ኮንትሮል ነው ማወራው፣ እግራችሁን ከነዳጅ ፔዳሉ ላይ አንስታችሁ መኪናው ራሱ ፍጥነቱን እንዲይዝ ሚያደርገው ማለት ነው። ሰሞኑን ፈረንጅ አራዳ ቡና እየጠጣን አንስተነው አራት ሹፌር አራት ዓይነት ሀሳብ ያዝን። አንዱ መኪናውን ከገዛ ሶስት ዓመቱ ነው፣ የክሩዟን ቁልፍ አንድ ቀን ነክቷት አያውቅም፣ «እግሬ ያልረገጠውን አላምንም» ነው ሚለው። አንዷ ጉልበቷን ስለሚያማት ከከተማ እንደወጣች ታበራዋለች። ሌላው ራሱን ለመያዝ ነው ሚጠቀመው፣ እግሩን ከለቀቁት ሳይታወቀው 110 ይገባል፣ ስለዚህ 80 ላይ ያስረውና በቃ ይገላገላል። አራተኛው እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ እንደ መንገዱ ነው።

እስቲ መጀመሪያ አሰራሩን እንይ። መሪው ላይ ሰት ሚለውን ቁልፍ ስትጫኑ ኮምፒውተሩ በዚያች ሰዓት ያለውን ፍጥነት ይይዛል፣ ዳገት ሲመጣ ነዳጅ ይጨምራል፣ ቀለል ሲል ይቀንሳል። ፍሬን ነካ ስታደርጉ ይለቃል፣ ማንዋል ከሆነ ፍሪሲዮን ስትረግጡም ይለቃል። አብዛኛው መኪና ላይ ከ40 ኪሎ ሜትር በታች እሺ አይልም። የፈጠረው ራልፍ ቲቶር ሚባል አሜሪካዊ ኢንጂነር ነው፣ በ5 ዓመቱ በደረሰበት አደጋ ዓይኑን ያጣ ሰው። ጠበቃው እየነዳ ሲያወራ ቀዝቀዝ፣ ሲያዳምጥ ፈጠን እያደረገ ስላስቸገረው ነው ሀሳቡ የመጣለት ይባላል፣ ሚኒባስ ጋቢና ተቀምጦ ሹፌሩ ወሬ ሲይዝ ያየ ሰው ይሄ ወዲያው ይገባዋል። ፓተንቱን እ.ኤ.አ. በ1950 አገኘ፣ በ1958 ክራይስለር ኢምፔሪያል ላይ ተገጥሞ ወጣ።

(ምስል፦ የሹፌር እግር፣ ፔዳሎቹ አጠገብ)

አሁን ወደ እግር። እኔ ከሁሉም በላይ ሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ክሩዝ ሲይዝ እግሩን አጥፎ ወንበሩ ስር ሚከት ሰው አለ፣ እንደ ሳሎን ቁጭ ብሎ አንዱን እግር ባንዱ ላይ ሚያነባብርም በዓይኔ አይቻለሁ። በኛ መንገድ ላይ ጥጃ ከቁጥቋጦ ውስጥ ዘሎ ለመግባት አንድ ሰከንድ ይበቃዋል፣ ያቺ እግር ተፈትታ ፍሬን ጋ እስክትደርስ በ80 እየሄዳችሁ ከሆነ በያንዳንዱ ሰከንድ 22 ሜትር ታልፋላችሁ። ስለዚህ እኔ ተረከዜን ፍሬኑ ፊት ለፊት መሬት ላይ ነው ማሳርፈው፣ አልረግጠውም ግን እዚያው ነኝ። ጉልበት ያርፋል፣ ፍሬንም ቅርብ ነው።

ቁልቁለት ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ሚሳሳተው ነገር አለ። ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ወልቂጤ ሳትደርሱ ያለውን የጊቤን ቁልቁለት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የተለመደው ክሩዝ ነዳጅ መቀነስ እንጂ ፍሬን መያዝ አይችልም፣ ስለዚህ 70 ብላችሁ ብታስሩትም መኪናው በራሱ ክብደት 80፣ 90 እያለ ይሄዳል፣ ሹፌሩ ደግሞ «ይዤዋለሁ» ብሎ ስላመነ ኮንታ ኪሎ ሜትሩን አያይም። እዚያ ላይ አጥፉት፣ ማርሽ ቀንሱና በሞተር ያዙት፣ ማርሽ አውጥተው ፎሌ ሚለቁትማ ባይነዱ ይሻላል። ዳገቱ ላይም ቢሆን ፍጥነቷን ለማስጠበቅ ብሎ ስለሚያስጮኸው ነዳጅ ይበላል፣ ነዳጅ ይቆጥባል ሚባለው ሜዳ ላይ ነው።

ዝናብ። ጅማ ነው ያለነው፣ ዝናቡን እናንተም ታውቁታላችሁ። አንዴ ከአሰንዳቦ ወደ ሰርቦ ስመጣ 80 ላይ አስሬው ዝናቡ ድንገት ወረደ፣ አስፋልቱ ላይ ውሃ ተኝቶ ነበር፣ ጎማው ውሃው ላይ ሲንሳፈፍ መሪው እጄ ላይ ባዶ ሆነ፣ ክሩዙ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ 80 ሊያስጠብቅ ነዳጅ መስጠቱን አላቆመም። በእግሬ እየነዳሁ ቢሆን ኖሮ ውሃውን ገና ሳየው ለቀቅ አደርግ ነበር። ልቤ እስክትረጋጋ ዳር ይዤ ቆምኩ። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያዋ ጠብታ መስታወት ላይ ስታርፍ አጠፋለሁ፣ ማታም አልነካውም። ቀንም ቢሆን ሚሰራ ነገር ያጣ እግር ከምሳ በኋላ ካለ ሙቀት ጋር ሲገናኝ እንቅልፍ ይጠራል።

(ምስል፦ መሪው ላይ ያሉት ቁልፎች ቀርበው)

ሪዝዩም ሚለውን፣ ወደ ቀድሞው ፍጥነት ሚመልሰውን ቁልፍ ተጠንቀቁ። መኪናው የመጨረሻውን ፍጥነት አይረሳም። በገበያ ቀን ከብት ለማሳለፍ ቀነስኩ፣ በ45 እየሄድኩ አውራ ጣቴ ሪዝዩም ነካ፣ መኪናዋ ወደ 90 ልትመለስ ተነሳች፣ ዳር ላይ ደግሞ እናቶች ሸክም ተሸክመው እየሄዱ ነበር። ፍሬን ላይ ስለነበርኩ ነው ያዳነን።

አሁን ደግሞ በ2016 ዓ.ም የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተባለ ወዲህ ኤሌክትሪኮቹ በዝተዋል፣ ብዙዎቹ ከፊት ያለውን መኪና በራዳር እያዩ ርቀት ሚጠብቅ ክሩዝ አላቸው፣ ቁልቁለትም ላይ በሞተራቸው እየያዙ ባትሪ ይሞላሉ፣ ይሄ በእውነት ጥሩ ነገር ነው። ሜኑው በቻይንኛ ከሆነ ግን ሳታስተረጉሙ አትነካኩት። ደግሞ ይሄ ሲስተም ጎበዝ ሚሆነው እየሄደ ያለ መኪና ሲከተል ነው፣ የቆመ ነገር ላይ ሊያመልጠው ይችላል፣ መመሪያው ራሱ ያስጠነቅቃል። እኛ ጋ ደግሞ ተበላሽቶ መንገድ መሀል የቆመ አይሱዙ ምልክቱ ድንጋይና ቅጠል ነው። ቅጠሉን አይቶ ሚገባው የናንተ ዓይን ብቻ ነው።

እኔ ክሩዝን በደንብ ምወደው አጥር ያለው መንገድ ላይ ነው፣ እንደ አዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ፣ እዚያ ሰውም ከብትም አይገባም። በኛ መንገድ ግን ሜዳ ሜዳውን ብቻ፣ በቀን፣ ደረቅ ሲሆን። ሰርቦን አልፌ ባጃጆች መታየት ሲጀምሩ ካንስል ብዬ ለጊዜው ብቻ ለቅቄ አልተወውም፣ የክሩዙን ዋና ቁልፍ ነው ማጠፋው፣ ከተማ ውስጥ ጣቴ ድንገት ሪዝዩም ቢነካ እንኳን መኪናዋ እንዳትነሳ።