በረዶን በነጭ ቀለም ብቻ አትሣሉት

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የሥዕል ክፍላችን ልጆች፣ ውድ እንግዶች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ግድግዳው ላይ የምታዩአቸውን ሥዕሎች የሠሩት እዚሁ ስቶክሆልም ያደጉ ልጆቻችን ናቸው። ብዙዎቹ በረዶ ሥለዋል። ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ በጣም ስለምወዳት ሠዓሊት ነው። አና ቦበርግ ትባላለች፤ እሷም የስቶክሆልም ልጅ ናት።

አና የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1864 ነው። ሥዕልን በአብዛኛው ራሷን በራሷ ነው ያስተማረችው። ባሏ ፈርዲናንድ ስመ ጥር አርክቴክት ነበር። በ1901 አብረው ወደ ሰሜን ኖርዌይ፣ ወደ ሎፎተን ደሴቶች ሄዱ። እሱ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ እሷ ግን እዚያው ቀረች። ተራሮቹ አለቅ አሏት። ከዚያ በኋላ ከሠላሳ ዓመት በላይ ተመላልሳለች። ባሏም ስቮልቬር ከምትባለው የሎፎተን ከተማ አጠገብ ትንሽ ቤት ሠራላት። እንዲህ ያለ ባል ይባረክ!

ሎፎተን ከአርክቲክ ክበብ በላይ ነው። በክረምቱ እምብርት ለአንድ ወር ገደማ ፀሐይ አትወጣም። ባሕሩ ግን ከደቡብ በሚመጣው ሞቅ ያለ ውሃ የተነሳ በረዶ አይሆንም። ከጥር እስከ ሚያዝያ ኮድ የሚባለው ዓሣ እንቁላሉን ሊጥል ከባረንትስ ባሕር ይመጣል። ዓሣ አጥማጁም ይጎርፋል። አና ያየችው ሰሜን ይህ ነው፤ ጀልባ የተኮለኮለበት፣ ዓሣው እንጨት ላይ ተሰቅሎ በንፋስ የሚደርቅበት፣ ሥራ የበዛበት አገር። እሷም ፀጉራም የቆዳ ልብሷን ደርባ፣ በረዶው ላይ ቆማ ትሥል ነበር።

ሰሜኑን ሰው የሌለበት ምድረ በዳ አድርገው ሲሥሉት እኔ ይከፋኛል። የሳሚ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ይኖርበታል። በ1902 የተወለደውን ሳሚውን ዮን ሳቪዮን እዩት። ሥዕሉን እንጨት ላይ ቀርጾ፣ ቀለም ቀብቶ ወረቀት ላይ ያትም ነበር። ሥራዎቹ ላይ ሬንዲር የሚባለው የሰሜን አጋዘን አለ፣ ገመድ የሚወረውር እረኛ አለ። ለሳቪዮ ያ ምድር ቤቱ ነው። በ36 ዓመቱ የሳንባ ነቀርሳ ቀጠፈው፤ ባሰብኩት ቁጥር ያንገበግበኛል።

አሁን ወደ ቀለሙ ልምጣ። ልጆች፣ ስሙኝ። ፀሐይ በወጣበት ቀን የዛፍ ጥላ በረዶ ላይ ሲያርፍ አስተውሉ። ጥላው ግራጫ አይደለም፣ ሰማያዊ ነው። ፀሐዩ ተከልሎበታል፤ የሚደርሰው ከሰማዩ የሚወርደው ብርሃን ብቻ ነው። ፀሐይ ዝቅ ስትል ደግሞ ብርሃን የነካው ጎን ወደ ሮዝ፣ ወደ ብርቱካናማ ያደላል። ፀሐይ በማትወጣበት ወርም ቢሆን ሎፎተን ድፍን ጨለማ አይውጣትም። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ከአድማስ በታች ቅርብ ስለሆነች ሰማዩ ወይን ጠጅና ሰማያዊ ይሆናል። ታዲያ ከቱቦው የወጣ ነጭ ቀለም ሜዳውን ሙሉ ተለቅልቆ ሳይ እውነቴን ነው የማዝነው። ንጹሕ ነጭ የሚያስፈልጋችሁ በጣም ጥቂት ቦታ ላይ ነው። አና የሰሜን ዋልታ ብርሃንን፣ ማለትም በሰሜን አገር ሌሊት ሰማዩ ላይ የሚወዛወዘውን ባለቀለም ብርሃን፣ የሣለችበት ሸራ እዚሁ ከተማችን፣ በብሔራዊ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ይገኛል። ሥራዎቿን ፈልጋችሁ እዩ።

በጥር እኛም ውጭ ወጥተን እንሥላለን። የዘይት ቀለም በብርድ እንደ ረጋ ቅቤ ይጠጥራል፤ ስለዚህ ቱቦዎቹን በካፖርታችሁ የውስጥ ኪስ ያዙ። የውሃ ቀለም ደግሞ ወረቀቱ ላይ ይረጋል። ውሃው ውስጥ ትንሽ አልኮል ጠብ ካደረጉበት ቶሎ አይረጋም፤ እሱን እኔ አመጣለሁ። ወላጆች፣ ከእናንተ የምለምነው ድርብ ካልሲና ጣቱ የሚከፈት ጓንት ነው። ቀኑን በስልክ አሳውቃችኋለሁ። አመሰግናለሁ።